«አቤት» እንድትል ያስተማርኳት ልጅ

ወሬው የደረሰኝ ዲጋ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመጻሕፍቱን ሣጥን ከፍቼ ሽፋን ሽፋናቸውን በደረቅ ጨርቅ ስወለውል። ይዞት የመጣው ከነቀምቴ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ለገበያ የወረደ ጉራጌ ነጋዴ ነበር። ሳሙናና አቡጀዲ ይሸጣል፤ ለልጆቹም ሁለት ጊዜ ከእኔ መጽሐፍ ወስዷል። ካረፍኩበት ቤት ደጃፍ ላይ ሲያየኝ በትከሻው የተሸከመውን ጣቃ አውርዶ ቆመ። ሰው አክባሪ ነው፤ ሰላምታ ሲነፍገኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«እርስዎ እዚህ ነዎት እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

«ከሐሙስ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ምነው?»

«ትናንት ማታ ነቀምቴ አልነበሩም?»

«ምን ነካህ አንተ ሰው? ክንፍ አውጥቼ ልመጣ ነው?»

አልሳቀም። መሬት መሬቱን እያየ ነገረኝ። የጎረቤቴ የአናጢው ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ትናንት ፀሐይ እንደጠለቀች ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። ሰፈሩ ችቦ ይዞ ሲፈልጋት አድሯል። ወንዙ ታይቷል፣ ቡናው ውስጥ ታይቷል፤ የለችም።

«እንዴት ወጣች? ማን ይዟት ወጣ?»

«ተጠራች ነው የሚሉት። ከውጭ ስሟን ጠሯት፤ አቤት አለችና ወጣች።» ጣቃውን መልሶ ትከሻው ላይ አነሳ። «ድምፁን... የአባቷ አክስት እቤት ነበሩ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ የባርሲስቷ ድምፅ ነው ብለው ማሉ።»

ባርሲስቱ በኦሮምኛ ሴት አስተማሪ ማለት ነው። ነቀምቴ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ እንዲያ ነበር።

ስለ ድምፁ ያለኝ ኋላ ነው የገባኝ። መጀመሪያ የሰማሁት «አቤት አለችና ወጣች» የሚለውን ነው። እንዲያ እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ።

የልጅቷን ስም እዚህ አልጽፍም። በዚያን ጊዜ በሰፈሩ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁ ደግሞ አያስፈልጋችሁም። እናቷ ከዚያ በኋላ ስሟ በየሜዳው እንዳይጠራ ለምና ነበርና እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወረቀትም ሜዳ ነው።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ባሌ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ነቀምቴ ሲዛወር ተከትዬው ሄድኩ። ዛፍ ከሩቅ በሚቆጠርበት አገር አድጌ ዛፍ ሰማዩን የሚሸፍንበት አገር ገባሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከቤቴ ጓሮ አልፌ አልሄድም ነበር፤ ከዳገት ወርጄ ሰው የሚጣራበትን አቅጣጫ እንኳ መለየት አቃተኝ። በአገሬ ድምፅ ከአንዱ ጉብታ ተነስቶ ሌላው ጉብታ ላይ ይደርሳል። እዚያ ግን ድምፅ ዛፉ ውስጥ ይገባና የት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ልጅ አልወለድኩም። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ግን ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ማንበብ አይከብደኝም። ጎረቤቶቼ በሚሲዮን የተማሩ ወንጌላውያን ነበሩ፤ እኔም ያደግሁበትን ሳልተው ከእነሱ ጋር እጸልይ ነበር፤ በዚህ የተቀየመኝ የለም። ጉባኤያቸው ከአዲስ አበባ በየጊዜው እሽግ እሽግ መጽሐፍ ይመጣለት ነበርና አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ ጠርተው የልጆቹን እኔ እንድመርጥ ጠየቁኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «እኛ የተጻፈውን እናያለን፤ አንቺ ደግሞ ልጁ የሚሰማውን እይልን» አሉኝ። ሣጥኑን የሠራው ያው ጎረቤቴ አናጢው ነው፤ ከዋንዛ እንጨት፣ በቅሎ ላይ እንዲጫን አድርጎ። በየወሩ ለጥቂት ቀን ወደ ዲጋ ወይም ወደ ሌላ የወለጋ ከተማ ይዤው እሄድና ለየቤተሰቡ አድዬ፣ ያለፈውን ሰብስቤ እመለስ ነበር።

በሥራው ቀልድ አላውቅም ነበር። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። መጀመሪያ ለብቻዬ በልቤ። ቀጥሎ በሩን ዘግቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ ዓይን ችላ ብሎ ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋልና። በሦስተኛው አንድ ልጅ አስቀምጬ አነብለታለሁ፤ ሳነብ ግን ፊቱን አላይም፣ እጁን ነው የማየው። ልጅ ሲፈራ ፊቱን መደበቅ ያውቃል፣ እጁን ግን ይረሳዋል። የዋሸውን ልጅ ምላስ የሚያስቆርጥ መጽሐፍ ነበር፤ ለልጆች ተብሎ የተጻፈ፣ ጸሎት ያለበት። ሲሰማኝ የነበረው ልጅ እጁን ከአፉ አላነሳም። መለስኩት። ሌላው ድሃ ሁሉ ሲያመሰግን፣ ባለጸጋ ሁሉ ሲሰጥ የሚውልበት ነበር፤ የሸማኔው ልጅ «ይሄ የት አገር ነው?» አለኝ። እሱንም መለስኩት። አባትና እናት በልጃቸው ፊት ከፍተው ለማንበብ የማያፍሩበት፣ ልጁም ተኝቶ ሲነሳ መልካም ነገር ለመሥራት የሚቸኩልበት መጽሐፍ ነበር የምፈልገው። ብዙ አይደለም። ሆኖም ከአንድ እሽግ ውስጥ ሁለት ካገኘሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛውን ንባብ የማነብላት አብዛኛውን ጊዜ የአናጢው ልጅ ነበረች። አጥራችን አንድ ነው፤ ሽንቁሩን አስፍታ ትመጣለች። እናቷ «አዴ» ትለኛለች፣ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ልጅቷን ግን «እትዬ» ማለት እኔ አስለመድኳት፤ በአገሬ ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲያ ስለሆነ ናፍቆኝ ነው። በወለጋ ምድር እትዬ ብሎ የሚጠራኝ ከእሷ ሌላ አልነበረም።

ያ መጽሐፍ የመጣው በኅዳር ነው፣ ቡና ሊለቀም ሲል። ቀጭን ነው፣ ሽፋኑ አረንጓዴ። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ለብቻዋ እቤት ሳለች ሲመሽ ስሟ ከውጭ ይጠራል። እሷም በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ትልና ትወጣለች። የጠራት ጌታ ነው። ጠያቂ ወደሌላት ወደ አንዲት በሽተኛ ባልቴት ይልካታል፤ ልጅቷ ውሃ ትወስድላታለች፣ እሳት ታነድላታለች፣ ወደ ቤቷም ትመለሳለች። ያለቀው በዚሁ ነው። ስብከት የለውም። አንድ ሥዕል ብቻ ነበረው፦ በሩ ተከፍቷል፣ ልጅቷ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ከበሩ ውጭ ምንም አልተሣለም፤ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ሠዓሊው የጌታን መልክ ለመሣል አለመድፈሩ ደስ አሰኘኝ። ለልጆቹ ሳሳያቸው ግን ወዲያው ጥያቄ መጣ።

«ባርሲስቱ፣ ውጭ ማን አለ?»

«የጠራት።»

«የት አለ ታዲያ? እግር የለውም?»

«አንተ፣ መንፈስ እግር ምን ያደርግለታል?»

«ካለ እግር እንዴት መጣ?»

ሳቅን። የአናጢው ልጅ አልሳቀችም። ጣቷን ባዶው ወረቀት ላይ አድርጋ ነበር፤ እጇን አየሁት፣ አይንቀጠቀጥም። እንዳልፈራች ቆጠርኩት።

እሑድ ከንባብ በኋላ እናቷ ጠጋ አለችኝ። መጻሕፍቱ በአማርኛ ስለሆኑ እሷ ነበረች አማርኛ ለማይሰሙት ታናናሾች በኦሮምኛ የምትደግምላቸው።

«አዴ፣ መጽሐፉ ደግ ነው» አለችኝ። «ይቺን በአንዴ አቤት የምትለዋን ግን እንዝለላት።»

«ለምን ተብሎ?»

«ታውቂ የለ። ሲመሽ ከውጭ የተጠራ ልጅ ሦስቴ እስኪጠራ አፉን አይከፍትም። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ሰው ያልሆነ አንዴ ነው የሚጠራው።»

«የጠራት ጌታ ከሆነስ?»

«ጌታ ሦስቴ መጥራት ያቅተዋል?»

ሌሎቹ እናቶች ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እልህ ያዘኝ። «እኛ ክርስቲያኖች ነን» አልኩ፣ «ልጆቻችንን ጨለማ እያስፈራራን ልናሳድጋቸው ነው? እግዚአብሔር ሲጠራ የሚዘገይ ልጅ ነው የምንፈልገው?» እናቲቱ ነጠላዋን አጣፋች። «ባርሲስቱ ካለች እሺ» አለች። በዚያ አገር አስተማሪ ካለ አለ ነው፤ የተናገርኩት ትክክል ይሁን አይሁን ማንም አልመዘነውም፤ እኔም።

እውነቱን ልናገር። ያንኑ ነገር እኔንም እናቴ መንዝ ውስጥ አስተምራኛለች፤ ቃል በቃል ያው ነው። ያን ቀን እንደዚያ ስናገር እኔ ራሴ በሕይወቴ አንድም ቀን ለመጀመሪያው ጥሪ መልሼ አላውቅም። ባሌ ከሥራ ሲገባ ከደጅ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ዝም ስለው፣ «ሚስቴ ሦስቴ ካልተጠራች የማትሰማ የቤተ መንግሥት እመቤት ናት» እያለ ያፌዝብኝ ነበር። የልጆቹን ፍርሃት ልነቅል የተነሳሁት የራሴን ሳልነካ ነው።

ጨዋታም ፈጠርኩላቸው። ንባቡ ሲያልቅ እኔ እወጣና ከበሩ ኋላ ሆኜ የአንዱን ስም እጠራለሁ። ወዲያው «አቤት» ብሎ የወጣ ያን ሳምንት መጽሐፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያመነታ ይቀራል። ስም ስጠራ መጨረሻውን አንስቼ እጎትተዋለሁ፤ ከጉብታ ጉብታ የመጣራት ልማድ ነው፣ አልለቀቀኝም። ልጆቹን ያስቃቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ይቀዱኝ ጀመር። አንድ ቀን ቡርቃ ጃቶ ምንጭ ልወርድ ስል ራሴን ከታች ስጣራ ሰማሁ። ያ የእኔ ድምፅ ነበር፤ አጎታተቱ፣ አነሳሱ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ ሲያልቅ የሚሰበረው ሳይቀር። እንስራዬን እንዳዘልኩ ቆምኩ። ከቅጠሉ ኋላ ልጆች ወጡ፤ ሲያዩኝ ጮኹ፦

«ባርሲስቱ መጣች! ሁለት ሆነች!»

«የትኛዋ ናት እውነተኛዋ?»

«ያች እንስራ ያዘለችው!»

ሮጡ። የትኛቸው እንደነበረ አላየሁም። አብሬ ሳቅሁ፤ ውሃውን ቀድቼ ስወጣ ግን ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

የአናጢው ልጅ መጽሐፉን ሁለት ሳምንት በተከታታይ አሸነፈች። ለዲጋ ጉዞ ስነሳ እሷው ጋ ነበር። «እትዬ፣ መቼ ነው የምትመለሺው?» አለችኝ በሽንቁሩ። «እሑድ» አልኳት። «ስትመጪ ጥሪኝ» አለች። እሺ አልኳት።

አሁን ዓርብ ማታ ዲጋ የሆነውን ልጻፍ። ያረፍኩት ሁለት ሴቶች ልጆች ባሏት አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ፀሐይ ጠልቃ ጉሙ ከሸለቆው መውጣት ጀምሯል። አራታችን በቆሎ እንፈለፍላለን፤ ሌላ ድምፅ የለም፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ሲወርድ ብቻ።

ከውጭ «እትዬ!» የሚል ሰማሁ።

አንድ ጊዜ ነው። ቅርብ አይደለም፤ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። የልጅ ድምፅ ነው። ምላሴን ከጥርሴ ጋር አጣበቅሁ፤ ሰውነቴ ነው ያደረገው፣ ልቤ አላዘዘውም። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። የባልቴቲቱን እጅ አየሁ፤ መፈልፈሉን አላቆመችም። የልጆቿም እጅ አላቆመም። ሁለተኛው አልመጣም። ወፍ ነው አልኩ። ውስጥ ውስጡን አባታችን ሆይ ደገምኩ፤ ሰማችሁ ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ስለ «አቤት» ትናንትና በእነሱው ፊት ያስተማርኩ ሴት እንዴት ልጠይቅ?

ነጋዴው ጠዋት ያን ሲነግረኝ፣ «ፀሐይ እንደጠለቀች» ሲል፣ ሰዓቱ ያው እንደሆነ አወቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ዛሬ መጻፌ ነው።

የመኪናው ሾፌር ገበያው ሳይፈታ አልመለስም ስላለ በቅሎ ተለምኖልኝ ወጣሁ። ሣጥኑን እዚያው ተውኩት። መንገዱ በጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ጉሙ እኩለ ቀን እስኪደርስ አልተነሳም። ስሟን እየጠራሁ ሄድኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደጠራሁ ግን አፌን ያዝኩ፤ እየጎተትኩ ነበር የጠራኋት፣ ልጅቷን ባስወጣው በዚያው አጠራር። ከዚያ በኋላ ድምፄን አሳጥሬ፣ በአንድ ቦታ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ እንደ ጎረቤት ሰው ጠራኋት። ዛፉ ድምፄን ዋጠው እንጂ የመለሰልኝ የለም።

የአናጢው ግቢ በሰው ሞልቷል። የአባቷ አክስት መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው።

«ደህና ዋላችሁ» አልኩ።

«መጣሽ?» አሉኝ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው። «ልጅቷን የት አደረግሻት?»

«ዲጋ ነበርኩ እማማ። ከሐሙስ ጀምሮ።»

«ድምፅሽ ግን እዚህ ነበር።»

አናጢው ሊያስታርቅ ብሎ፣ «አክስቴ፣ በቅሎዋ ላብ በላብ ሆና እያየናት፣ መንገድ ላይ መዋሏ ይታያል» አላቸው። እሳቸውም «በቅሎ አላየሁም፤ እኔ የሰማሁትን ነው» አሉ። ማታ ከዲጋ የተመለሱት ነጋዴዎች ሲመሰክሩልኝ ሰው አመነ። ማመናቸው ነገሩን አባሰው። እስከዚያ ድረስ የሚጠረጥሩት እኔን ነበር፤ ከዚያ በኋላ «እሷ ዲጋ ከነበረች ማን ጠራት?» የሚለው በየቤቱ ገባ። እናቶች ከአሥር ሰዓት በኋላ በር መዝጋት ጀመሩ። ምንጩ ላይ የሚጣራ ልጅ ጠፋ።

እናቷ አልወቀሰችኝም። ወደ ውስጥ ወሰደችኝና መጽሐፉን አሳየችኝ። ልጅቷ መደቡ ላይ ከፍታ ትታው ነበር፣ በሥዕሉ ላይ። ከበሩ ውጭ ያለው ባዶው ነጭ ወረቀት አሁን ባዶ አልነበረም። በከሰል አንዲት ሴት ተሥላበታለች፤ ነጠላዋ እስከ እግሯ ይደርሳል፣ ፊት የላትም፤ እጇ ላይ አራት ማዕዘን ነገር ይዛለች። ሣጥን ነው፣ የመጽሐፍ ሣጥን።

«መቼ ነው የሣለችው?» አልኳት።

«አላውቅም አዴ» አለች። «እኔ ዛሬ ነው ያየሁት።»

እሑድን አልፈን ሰኞ ጠዋት ተገኘች። ቡና ሊለቅሙ የወጡ ሴቶች ናቸው ያገኟት፣ በዲጋው መንገድ፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ዋርካ ሥር ተቀምጣ። በሕይወት ነበረች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ትኩሳት አላት። ስለዚያ ብዙ ተወርቷል፤ እግሯ ጭቃ አልነካውም፣ ልብሷ ጤዛ አልነካውም ተብሏል። ሐሰት ነው። እግሯን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቷ ውሃውን አሙቃ ጣሳውን ሰጠችኝና «አንቺ እጠቢያት» አለችኝ። ግራ እግሯ ውስጥ ሦስት እሾህ ነበር፤ ተረከዟ ተሰንጥቆ ነበር። ልጅ ሦስት ሌሊት ጫካ ውስጥ ሲያድር የሚሆነውን ነው የሆነችው። ሳጥባት አየችኝ። ማን ነው የጠራሽ ሲሏት ዝም አለች፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አላነሳችም።

ዳነች። በላች፣ ተጫወተች፣ ፊደሏን ጨረሰች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ስሟ ሲጠራ አትመልስም። አንድ ጊዜም ሦስት ጊዜም፣ እናቷም አባቷም ቢጠሯት፣ አትዞርም። ጆሮዋ ደህና ነው፤ በሹክሹክታ ቢያወሩ ትሰማለች። የፈለጋት ሰው ሄዶ ትከሻዋን መንካት አለበት። በአጥሩ ሽንቁር መምጣት ተወች። እትዬ ብላ ዳግመኛ አልጠራችኝም።

ሽማግሌዎቹ መጽሐፉ ይቃጠል አሉ። «ለእኔ ተዉት» አልኳቸው፤ እንዳቃጠልኩት ቆጠሩት፣ እኔም አላረምኳቸውም። በዓመቱ ባሌ ተዛወረ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ። አሁን የምጽፈው ከጎባ ነው። ባለቤቴን እዚሁ ቀብሬዋለሁ። መጽሐፉ ከዳዊቴ ሥር አለ። ከሥዕሉ በስተቀር ምንም ጥፋት አላገኘሁበትም፤ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ።

ባለፈው ወር ደብዳቤ ደረሰኝ። ፖስታው ብዙ ቦታ ዞሮ ነው የመጣ። ልጅቷ ናት፤ ዛሬ ሴት ሆናለች፣ ጊዳ አያና አግብታ ትኖራለች። የስድስት ዓመት ልጅ አላት፤ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፣ የሚነበብላት ትፈልጋለች። «ለእኔ እንደመረጡልኝ ለልጄም መጽሐፍ ይምረጡልኝ» ትላለች። «እዚህ ሰው የሚነግረኝ የለም፤ እርስዎ የመረጡትን አምናለሁ።» እዚህ ድረስ አንብቤ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው። ከዚያ ገጹን ገለበጥኩ።

«ከመምረጥዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። እትዬ፣ ያን ማታ ጠሩኝ፤ አቤት ብዬ ወጣሁ። ነጠላዎ ከአጥሩ ወዲያ ሲሄድ አይቼ ተከተልኩ። ይሄዳል ይሄዳል፣ አይደረስበትም። ሲጨልም ጠፋብኝ። ያን ጊዜ እኔም አንድ ጊዜ ጠራሁዎ። ለምን ዝም አሉኝ?»

ያን ጥሪ መስማቴን ለማንም እንዳልነገርኩ ከላይ ጽፌያለሁ።

ሦስት መጽሐፍ መርጫለሁ። ሁለት ከእዚሁ፣ አንዱን ሰው ልኬ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ። ሦስት ሦስት ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ፤ አንዱ ስለ ጥጃና ስለ ጎረቤት ነው፣ ልጅ ጮክ ብሎ ይስቅበታል። አሽጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ መላክ ግን አልቻልኩም። እናት ልጇን አደራ የምትለኝ ስለምታምነኝ ነው፤ ጥያቄዋን አልፌ መጽሐፍ ብቻ ብልክላት የምልከው ወረቀት ነው። ስለ ዝምታዬ የምመልሰው አለኝ፤ ሰማሁሽ፣ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ ብዬ እጽፍላታለሁ። እሱ የእኔ ነው። የጠራኋት ግን እኔ አልነበርኩም። አልጠራሁሽም ብላት የጠራሽ ሰው አልነበረም፣ ልጅነትሽን ሙሉ ያፈነሽ ፍርሃት እውነት ነበር ማለቴ ነው፤ ለልጇም ታወርሰዋለች። ጠርቼሽ ነበር ብላት እዋሻለሁ፤ በውሸት ላይ ደግሞ መጽሐፍ አልልክም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በዚያን ጊዜ ቡርቃ ጃቶ ምንጭ ላይ በእኔ ድምፅ ትጣሩ የነበራችሁ ልጆች። ዛሬ እናት አባት ሆናችኋል። ከእናንተ አንዳችሁ ያን ዓርብ ማታ የእናታችሁን ነጠላ ደርባችሁ፣ ለጨዋታ ብላችሁ፣ ወይም መጽሐፉ ለእኔ ይድረሰኝ ብላችሁ ጠርታችኋት እንደሆነ፣ ልጆች ነበራችሁ፤ ተከትላ ስትመጣ ፈርታችሁ ሮጣችሁ ይሆናል፣ በኋላም ግቢው በሰው ሲሞላ መናገር ከብዷችሁ ይሆናል። እኔ አልቆጣም፤ ድምፁን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። ለእኔ መጻፍም አያስፈልግም። ጊዳ አያና ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከነቀምቴ የመጣችውን የአናጢውን ልጅ ቤት ያሳዩአችኋል። በቀን ሂዱ። ከደጅ ስሟን ብትጠሩ አትመልስላችሁም፤ አትናደዱ፣ ግቡ። ትከሻዋን ነክታችሁ «እኔ ነበርኩ» በሏት።